በነጻ የሰጠነው የቤዝቦል ዘመን

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ምክንያቱም የማወራውን ነገር ተቀምጦ የሚያዳምጠኝ ሰው በምኖርበት ከተማ ካሉት አበሾች መካከል ላገኝ አልቻልኩም። ጓደኞቼ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላይ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ሲሟገቱ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በስልኬ የማየው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን በዚያ ቀን ማንን በወርዋሪነት እንደሚያሰልፍ ነው። «አንተ ደግሞ ይኼ ዱላ ይዞ መቆም ምኑ ነው የሚጥምህ?» እየተባልኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ዓመት ግን መልስ አጣሁ፤ እኔንም አልጣመኝምና።

የቡድኑን ስም አልጠራም። የምወቅሳቸው ልጆች የ19 እና የ20 ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ አሠልጣኙንም በሌለበት ነው የማማው፤ ስለዚህ ስሙን ትቼ ነገሩን ብናገር ይሻላል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሰኞ ሜይ 26 ቀን 2025 የአሜሪካ በዓል ነበር፤ እኔ ግን በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ተረኛ ነበርኩ። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ገደማ ለብሔራዊው ውድድር ያለፉት 64 የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ዝርዝር በቴሌቪዥን ይነበባል። እያንዳንዳቸው አራት ቡድን የያዙ 16 ምድቦች ይነገራሉ፤ ከእነዚያ 16 ያሸንፋሉ፣ ከ16ቱ ስምንት ይቀራሉ፣ ስምንቱም ወደ ኔብራስካዋ ከተማ ወደ ኦማሃ ይሄዳሉ። የኮሌጅ ቤዝቦል ፍጻሜ ከ1950 ጀምሮ ከኦማሃ ወጥቶ አያውቅም፤ ደጋፊው «ኦማሃ» ሲል አገር መጥራቱ አይደለም፣ እንደ ስእለት ነው የሚጠራው። እኔም ስልኬን ከሻይ ቴርሞሴ ጋር አስደግፌ እያንዳንዱን ምድብ ሰማሁ። አሥራ አምስቱ ተነብበው አንዱ ሲቀር እንኳ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። የእኛ ስም ሳይጠራ ዝግጅቱ አለቀ። መውጫው ላይ የቆመ አንድ ሾፌር ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው ወደ ሥራዬ የተመለስኩት።

ከዚህ ጨዋታ ጋር ያገናኘኝ ያው የመኪና ማቆሚያ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የተቀጠርኩበት ቦታ ከዩኒቨርሲቲው ሜዳ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ባለሙያዎቹ ቤዝቦልን በእንጨት ዱላ ሲጫወቱ የኮሌጅ ልጆች በብረት ነው የሚመቱት፤ ስለዚህ ከአጥሩ ወዲያ ቀኑን ሙሉ «ጢንግ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ምን እንደሆነ አብሮኝ የሚሠራውን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ብጠይቀው፣ በቃል ከማስረዳት ይልቅ በማግስቱ የውጤት መመዝገቢያ ደብተርና እርሳስ ይዞልኝ መጣ። «ካልጻፍከው አይገባህም» አለኝ። እውነቱን ነው። ወርዋሪው 1፣ ኳሱን ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ የሚቀልበው 2 እያለ እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር አለው፤ በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ሰንዝሮ በሳታቸው ወይም በትክክል መጥተው ባሳለፋቸው ሦስት ኳሶች፣ የተሰናበተ መቺ «ኬ» በምትባለው የፈረንጅ ፊደል ይመዘገባል፤ ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ እያየ ከተሰናበተ ደግሞ ፊደሏ ፊቷን አዙራ ትጻፋለች። እኔ የጨመርኩት አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ወርዋሪው አራት ጊዜ ስቶ፣ መቺው ምንም ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ነጥብ ለማግባት በየተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ በነጻ ሲያልፍ፣ ዎክ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ «ነ» ብዬ እጽፋለሁ። «ነጻ» ለማለት ነው።

የዘንድሮው ደብተሬ የፊደል ገበታ ይመስላል፤ ያውም ተማሪው «ነ»ን ብቻ የለመደበት።

እዚህ ላይ ቤዝቦልን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ይቆማል፤ ኳሱን የሚያሳልፍባት ሰሌዳ ስፋቷ 43 ሳንቲሜትር ነው፣ ቁመቱም ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ አካባቢ ነው። ጠባብ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ሰዓት የለውም። በእግር ኳስ 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን ኳሱን ወደ ማዕዘን ወስዶ፣ ወድቆም ተንከባሎም፣ ደቂቃውን ሊጨርስ ይችላል። በቤዝቦል ግን መሪው ቡድን የሚሸሸግበት የለውም፤ ሃያ ሰባቱንም ሰው፣ በዘጠኙ ኢኒንግ ወይም ዙር ሦስት ሦስት እያለ፣ በዚያች ጠባብ መስኮት ኳስ እየሰደደ ማሰናበት ግዴታው ነው። ተመትቶ የሚሸነፍ ወርዋሪ አያናድደኝም፤ መቺውም ሙያ አለውና። የሚያናድደኝ ማንም ሳይነካን በገዛ እጃችን የምንሰጠው ነው።

በዐቢይ ጾም ውስጥ የነበረ አንድ እሑድ ላውራላችሁ። የኮሌጅ ቤዝቦል ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ስለሚጀምር ጾሙና የውድድሩ ዘመን ሁልጊዜ ይገናኛሉ፤ ስታዲየሙ ውስጥ የሚሸጠው ሆትዶግ ስለሆነ እኔ ቆሎ በኪሴ ይዤ እገባለሁ። ተጫዋቾቹ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ ቅርፊቱን ሲተፉ እኔ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ፤ ማንም ልብ አይለውም። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በቀጥታ ስለሄድኩ ነጠላዬን አጣጥፌ መኪናው ውስጥ ትቼው ነበር። አርብን አሸንፈናል፣ ቅዳሜን ተሸንፈናል፣ እሑድ የሚወስን ነው። እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ 6 ለ 2 እየመራን ነበር፤ የቀረን ሦስት ሰው ማሰናበት ብቻ ነው።

ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ሁልጊዜ የሚቀመጥ አንድ ሰው አለ። ከተጠባባቂ ወርዋሪዎቻችን የአንዱ አባት ነው። ልጁ ሊገባ መሆኑን ከድምፅ ማጉያው በፊት የማውቀው ከእርሱ ነው፤ ልጁ በግራ በኩል ባለው ማሟሟቂያ ኳስ መወርወር ሲጀምር አባትየው ከወንበሩ ይነሣል፣ ኮፍያውን ዝቅ ያደርጋል፣ ብቻውን ሄዶ የግራውን አጥር በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል። ከሰው መካከል ተቀምጦ ማየት አይችልም። በዚያ እሑድ በዘጠነኛው ኢኒንግ መግቢያ ላይ ተነሣ፤ እኔም እርሳሴን ቀረጽኩ።

የመጀመሪያው መቺ በአራት ኳስ አለፈ፤ «ነ»። ሁለተኛው ወደ ሰማይ መትቶ ተቀለበ። ሦስተኛው «ነ»፣ አራተኛው «ነ»። ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ እንደሚባለው፣ ገና ማንም አልመታንም፣ ውጤቱም እንደነበረ ነው፣ ግን በስታዲየሙ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። በዚህ ጊዜ ሳላስበው ተነሥቼ «ኧረ ስትራይክ ወርውር፣ አንተ ልጅ!» ብዬ ጮኽኩ። አማርኛ ስለሆነ የሚሰማኝ የለም ብዬ ነበር፤ «ስትራይክ» የምትለዋ ቃል ግን የእነርሱ ናት። አባትየው ከአጥሩ ዘወር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። የማን ድምፅ እንደሆነ ብቻ አጣርቶ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ቆሎውም ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አሠልጣኙ ልጁን አስወጥቶ ሌላ አስገባ። አዲሱ ወርዋሪም የመጀመሪያውን መቺ በነጻ አሳለፈ፤ ቤዞቹ ሙሉ ስለነበሩ ነጥብ ሆነ፣ 6 ለ 3። ቀጣዩን በኳስ ክንዱን መታው፤ ይህም በነጻ ማለፍ ነው፣ 6 ለ 4። አንዱን በሦስት ስትራይክ አሰናበተ፤ ተነፈስን። ከዚያ በኋላ የመጣው መቺ በኢኒንጉ ውስጥ ብቸኛ የሆነውን ምት መታ፤ ኳሱ በቀኝ በኩል እስከ አጥሩ ተንከባለለ፣ ሦስቱም ገቡ። 7 ለ 6። አምስት ነጥብ በአንድ ምት! በእኛ ተራ የተነሡት ሦስት መቺዎች አንዱ ወደ ሰማይ መትቶ ተቀለበ፣ ሁለቱም ቆመው እያዩ ተሰናበቱ፤ ሁለት ፊታቸውን ያዞሩ ኬዎች ጽፌ ደብተሬን ዘጋሁ። አባትየው ልጁ ከወጣ በኋላም ወደ ወንበሩ አልተመለሰም፤ ከስታዲየሙ ስወጣ አጥሩን እንደያዘ ነበር።

ይህ አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ በዚህ ማይክ ፊት ባልተቀመጥኩ። ዘመኑን ሙሉ የሆነው ይኸው ነበር፤ አርብ የተሻለው ወርዋሪያችን ይጀምርና እናሸንፋለን፣ እሑድ በነጻ እንሰጣለን። አሠልጣኙም ከነገሩ ነጻ አይደለም። አስተማማኝ የሆነውን አንዱን ተጠባባቂ ማክሰኞ ማክሰኞ ከደካማ ቡድኖች ጋር በሚደረጉ ጨዋታዎች እያስገባ ያደክመውና፣ እሑድ ሲፈለግ ክንዱን በበረዶ ጠቅልሎ ተቀምጦ እናየዋለን። ማክሰኞን ለማዳን እሑድን መሸጥ ለእኔ አይገባኝም።

የማክሰኞዎቹ ድሎች ራሳቸው ብዙም አልጠቀሙንም። ለብሔራዊው ውድድር የሚመርጠው ኮሚቴ አር ፒ አይ የሚባል ስሌት ይመለከታል፤ በዚህ ስሌት በራስ ሜዳ የተገኘ ድል 0.7 ሆኖ ሲቆጠር፣ በሰው ሜዳ የተገኘው 1.3 ይሆናል፤ የተጋጣሚዎችህ ጥንካሬም ከራስህ ውጤት ይበልጥ ይመዝናል። የእኛ ቡድን ግን ፌብሩዋሪን ሙሉ ከሜዳው ሳይወጣ አቅመ ደካሞችን እየጋበዘ ሲያሸንፍ ሰነበተ። በዚያን ጊዜ እኔም እንደ ሞኝ ተደስቼ ነበር፤ «ዘንድሮስ ኦማሃ ነን» ብዬ ጓደኞቼን አሰልችቻለሁ። እነርሱም አልረሱትም፤ በሜይ አስታወሱኝ።

«ትንሽ ቡድን ስለሆናችሁ ነው» የሚል ማጽናኛ አልቀበልም። በዚሁ ዓመት በኬንታኪ ግዛት የሚገኘው መሪ ስቴት የሚባል ዩኒቨርሲቲ በምድቡ አራተኛ፣ ማለትም የመጨረሻ፣ ተብሎ ተመድቦ ኦማሃ ደርሷል። በአገሪቱ አንደኛ የተባለው ቫንደርቢልት ደግሞ በራሱ ሜዳ ከመጀመሪያው ዙር ወድቋል። በ2022 ኦል ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በሊጉ 7 አሸንፎ 14 ከተሸነፈ በኋላ፣ ወደ ውድድሩ በመጨረሻ ከተጨመሩት አንዱ ሆኖ ዋንጫውን ወስዷል። በር ከፍቶ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው፤ እኛ ነን ያልገባነው።

ቡድኔ ባይኖርም ኦማሃን አየሁ። ጁን 16 ቀን የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ወርዋሪ ጌጅ ዉድ በመሪ ስቴት ላይ የወረወረውን ያየ ሰው ሕመሜን ይረዳል። አንድም ምት ሳያስመታ ጨዋታውን ጨረሰ፤ በኦማሃ እንዲህ ያለ ነገር ከ1960 ወዲህ አልታየም ነበር። 19 ሰው በስትራይክ አሰናበተ። ሁሉም ያወራው ስለ 19ኙ ነው፤ እኔ ግን በደብተሬ የፈለግኩት ሌላ ነበር። «ነ» የለም። አንዱን መቺ በኳስ ከመምታቱ በቀር ማንንም በነጻ አላሳለፈም። ያንን ገጽ እስካሁን ገልጬ አያለሁ፤ እንዲህ ንጹሕ ገጽ በእጄ ጽፌ አላውቅም።

የእኛ ልጆች ለምን አልቻሉም ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ክንድ አላነሳቸውም፤ ያ የአጥሩ ሰውዬ ልጅ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወረውራል። ምናልባት ችግሩም እዚያው ነው። የባለሙያ ክለቦች መልማዮች ከመቺው ጀርባ ባለው መቀመጫ ሆነው በመሣሪያ የሚለኩት ፍጥነቱን ነው፤ ልጁም ከሦስት ዓመት በኋላ በጁላይ ለሚደረገው ምልመላ ስሙን የሚያስጠራው በፍጥነት እንደሆነ ያውቃል። አሠልጣኞቹም ፈጣን ክንድ ካገኙ ማነጣጠሩን እናስተምረዋለን ብለው ይወስዱታል። ነገር ግን የሚያስተምሩበት ጊዜ የላቸውም፤ ምክንያቱም ከ2021 ወዲህ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስለሚችል፣ የዛሬው ተማሪ የከርሞ ተጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ማነጣጠር እንደ እንጀራ መጋገር ነው፤ ምጣዱን ሳይለምዱ አይሰምርም፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ደግሞ ምጣድ አይለምድም። ልጆቹን አልወቅስም፤ የሚሻል ሲያገኙ መሄዳቸው መብታቸው ነው፤ እኔም የተሻለ ሳገኝ ነው አገሬን ትቼ የመጣሁት። ደጋፊው ግን የሚዛወርበት መዝገብ የለውም።

በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ከአባትየው ጋር መውጫው ላይ ተገጣጠምን። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ እርሱ ግን ቀድሞኝ ደብተሬን አይቶ ያቺ ደጋግሜ የምጽፋት ምልክት ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። በነጻ ያለፈ ማለት እንደሆነች ነገርኩት። ጥቂት ገጾች ገለጠ፤ የልጁን ስም ባየ ቁጥር ጣቱን እያሳረፈ ቆጠረ። ምን ያህል እንደሆኑ አልነገረኝም፤ ደብተሩን መለሰልኝና «ጥሩ ጽፈሃል» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የልጁ ስም ከተዛዋሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አነበብኩ። የሚሄደው በዚሁ በእኛ ሊግ ወዳለ ቡድን ነው፤ በመጪው የውድድር ዘመን አንድ እሑድ በሜዳችን ይወረውራል ማለት ነው። አባትየው በግራው አጥር ይሁን በቀኙ እንደሚቆም አላውቅም። ልጁ እኛ ላይ ሲወረውር ግን ስትራይክ እንደማያጣ ከአሁኑ ይታየኛል።