ጥርት ያለ ባህር ሁሉ ንጹህ አይደለም፣ የደፈረሰም ሁሉ ቆሻሻ አይደለም (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው የቀጥታ ስርጭት ስለ ባህር ውሃ ቀለም ስናወራ መስመሩ ተጨናንቆ ብዙ ሰው ሳይገባ ቀረ፣ ስለዚህ የገቡትንም በድምጽ የላካችሁልኝንም አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዶክተር፣ ጁላይ ላይ ሁለት ቅዳሜ ተከታትለን ልጆቹን ይዘን ሜሪላንድ ያለው ኦሽን ሲቲ ቢች ሄድን። መጀመሪያ ውሃው ድፍርስ ያለ ቡኒ ነበር ግን ሞቅ ይላል፣ በሳምንቱ ደግሞ ጥርት ብሎ እግር የሚቆርጥ ብርድ ሆኖ ጠበቀን። ያው ቢች ነው እኮ፣ ምን ሆኖ ነው?

እህቴ መልሱ ያለው እግር የሚቆርጥ ያልሽው ላይ ነው። በበጋ እዛ ባህር ላይ የሞቀው ውሃ ከላይ ብቻ ነው፣ ከታች ከክረምት የተረፈ ቀዝቃዛ ውሃ ተኝቶ ይከርማል። ነፋሱ ከደቡብ ተነስቶ የባህሩን ዳር ይዞ ሁለት ሶስት ቀን ሳያቋርጥ ሲነፍስ፣ መሬት ስለምትሽከረከር የላዩ ውሃ ነፋሱ ወደሚሄድበት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ እዛ ደግሞ ቀኝ ማለት ወደ ጥልቁ ባህር ነው። ሙቁ ውሃ ሲሸሽ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ያ የታችኛው ብርድ ውሃ ይወጣል። እናንተ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ያገኛችሁት እሱን ይመስለኛል። ይሄ ውሃ ከታች ሲመጣ ለአልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ለሚበቅለው ደቃቅ ነገር፣ ምግብ የሚሆን ማዕድን ይዞ ስለሚወጣ ፀሐይ ሲያገኝ ከጥቂት ቀን በኋላ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ ሶስተኛ ቅዳሜ ብትሄዱ ሌላ ባህር ነው የሚመስላችሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቡኒ ግን በአብዛኛው ማዕበል የቆፈረው አሸዋና ደለል ነው። እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ቀጥሎ ላለው ወንድማችን ስመልስ እነግራችኋለሁ።

ከሂውስተን፦ ጋልቨስተን ሄጄ ውሃውን በእጄ ስዘግነው ምንም ቀለም የለውም፣ ባህሩ ግን የቡና እጣቢ ነው የሚመስለው። ፍሎሪዳ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ቀለሙ የት ነው ያለው?

አሪፍ ጥያቄ ነው። ውሃ ራሱ ትንሽ ሰማያዊነት አለው፣ ግን እፍኝ ውሃ ላይ አይታይም። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ውሃው ቶሎ ይውጠዋል፣ አስር ሜትር ያህል ስትወርድ ቀይ የሚባል ነገር ጠፍቶ ያልቃል፣ ሰማያዊው ግን ርቆ ይገባል፣ ተመልሶ ወደ አይናችን የሚመጣውም እሱ ነው። ይሄ እንግዲህ ውሃው ባዶ ከሆነ ነው። አልጌ ካለበት፣ አልጌ እንደ ቅጠል ክሎሮፊል ስላለው ሰማያዊና ቀዩን በልቶ አረንጓዴውን ይተውልሃል። ከወንዝ የመጣ የበሰበሰ ቅጠል ጭማቂ ካለበት ልክ ሻይ ቅጠል እንደነካው ውሃ ቢጫ ቢጫ ይላል። ጋልቨስተን አጠገብ ደግሞ ወንዞቹ ጭቃ ያመጣሉ፣ ከሚሲሲፒ በኩል የሚመጣው የባህር ሞገድም ደለል ይዞ ይነዳል፣ ወለሉም ጥልቅ ስላልሆነ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ፍሎሪዳ ዴስቲን ያለው አሸዋ ግን ነጭ ኳርትዝ ነው፣ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል።

ውሃውን ያደፈረሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ባዶ ሃይላንድ ይዘህ ሂድ። እስከ አንገቱ ሞልተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ቡና ከወረደ በኋላ ጀበናው እስኪሰክን እንደምንጠብቀው ማለት ነው። በአምስት ደቂቃ ስር ላይ ተደልድሎ ከላይ ከጠራ አሸዋ ነው፣ ነገ ማዕበሉ ሲበርድ ባህሩም ይጠራል። ግማሽ ቀን ቆይቶም እንደ ደፈረሰ ከሆነ በጣም የላመ ጭቃ ወይም አልጌ ነው፣ እሱ ቀናት ይፈልጋል። ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አልራቀም፣ በ1865 አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ ነጭ ክብ ሳህን በገመድ እያወረደ ከአይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ለካ፣ ዛሬም ተመራማሪዎች እሱኑ ሳህን ይዘው ይወጣሉ።

ከአሽቀሎን፦ ልጄ፣ እዚህ ያለው አሸዋ ከአባይ የመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

እናቴ እውነት ነው፣ በደስታ ነው የምመልስልዎት። ናይል ለብዙ ሺህ አመት አሸዋ ሜዲትራኒያን ላይ ሲያራግፍ የባህሩ ሞገድ በሲናይ በጋዛ አድርጎ ወደ ሰሜን እስከ ሃይፋ ድረስ ነድቶታል። የላመው ደለል ደግሞ አብዛኛው ከእኛ ደጋ በአባይና በተከዜ የወረደ ነው። አሁን አዲስ አይመጣም፣ የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ግድቡ ጀርባ ነው የሚቀረው። ድሮ ጎርፉ ሲደርስ የዴልታው ባህር በአልጌ አረንጓዴ ይሆን ነበር፣ ሰርዲን አሳው እሱን ተከትሎ ይመጣ ነበር፣ ግድቡ ጎርፉን ከያዘው በኋላ ሰርዲኑ ወዲያው ነው ያሽቆለቆለው። አያችሁ፣ ጥርት ማለት አንዳንዴ ረሃብ ነው። ኤላት ያለው ቀይ ባህርም ያን ያህል የሚጠራው ወንዝ ስለማይገባበትና ዝናብም እምብዛም ስለሌለ ነው።

ከፉጃይራ፦ ማታ ማታ ማዕበሉ ሲሰበር ሰማያዊ ያበራል፣ ቀን ደግሞ ውሃው ቀላ ይላል። ያስፈራል?

የሚያበራው ሲነካካ ብርሃን የሚሰጥ ደቃቅ ህይወት ነው፣ ማየቱ አይጎዳሽም። ቀን ቀልቶ ካየሽው ግን አትግቢ፣ የሞተ አሳም ከዳር ለቅመሽ እንዳትበዪ። በ2008 መጨረሻና በ2009 በዛው አካባቢ የተነሳው ቀይ አልጌ ወራት ቆይቶ ብዙ አሳ ፈጅቷል፣ ጨው አጣርተው የመጠጥ ውሃ የሚያወጡ ጣቢያዎችንም አስቁሟል።

ከአዲስ አበባ፦ ላንጋኖስ? አመቱን ሙሉ ቡኒ ነው።

እሱ ከእሳተ ገሞራ አፈር የመጣ በጣም የላመ ጭቃ ነው፣ ነፋሱም እንዲሰክን ጊዜ አይሰጠውም። እጅህን እስከ ክንድህ አስገባ፣ ጣትህን አታየውም። ቀለሙ ብቻውን ግን አይጎዳም።

ከሎስ አንጀለስ፦ እኔ ዋና አልችልም፣ ልጆቼ ግን ይወዳሉ። ቀለሙን አይቼ ይግቡ አይግቡ ማለት እችላለሁ?

ንጽህናውን በቀለም አትችዪም። ከዝናብ በኋላ የከተማው ፍሳሽ ሲገባ ባክቴሪያው አይን አያየውም፣ ውሃው ከጠራም በኋላ ሊኖር ይችላል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ 72 ሰዓት ጠብቁ የሚሉት ለዛ ነው። ውሃው ሰው የሚወስድበትን ቦታ ግን ቀለም ይነግርሻል፣ እባካችሁ ይሄን ሁላችሁም ያዙልኝ፣ ብዙዎቻችን ባህር ሳናይ ነው ያደግነው። ነጭ አረፋ እየሰበረ በሚመጣው ማዕበል መሃል አንድ ቦታ ላይ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ መንገድ ካየሽ፣ ወይም አሸዋ የያዘ ቡኒ ውሃ ወደ ውስጥ ሲፈስ ካየሽ፣ ልጆች የሚመርጡት እሱን ነው ምክንያቱም የተረጋጋ ይመስላል፣ ግን ዳር የደረሰው ውሃ ወደ ጥልቁ የሚመለስበት መስመር ነው። ጠንካራ ዋናተኛም ተቃውሞት አይወጣም። ወደ ታች አይስብም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ የተያዘ ሰው ከሱ ጋር ሳይታገል ይንሳፈፍ፣ ከቻለ ከባህሩ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ይዋኝና ከመስመሩ ሲወጣ ይመለስ። አንቺ ተከትለሽ አትግቢ፣ ላይፍጋርድ ጥሪ። ሰው የሚጠብቀው ቢች ብቻ ምረጪ፣ ደግሞ ልጆቹን ጫማ ሳታስወልቂ በፊት መኪና ማቆሚያው አካባቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመሽ አስር ደቂቃ ውሃውን እዪው፣ ከታች አሸዋው ላይ ሆነሽ ያ ጠቆር ያለ መስመር በደንብ አይታይሽም።