እጃችን ለኮምፒውተሩ በማይናገርበት ጊዜ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ኮምፒውተር እጃችንን ማየት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ የዋለው ኪኔክት የተባለው የማይክሮሶፍት የጨዋታ ካሜራ በዓይን የማይታዩ የኢንፍራሬድ ነጥቦችን ክፍሉ ውስጥ እየረጨ ርቀትን ይለካ፣ የሰውን መገጣጠሚያዎችም ይከታተል ነበር። ዛሬ ጎግል በነጻ ያቀረበው ሚዲያፓይፕ የተባለ ሶፍትዌር ከአንድ ተራ ካሜራ ምስል ብቻ በአንድ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ለይቶ ያወጣል።

ያልተመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እጃችን ለማሽኑ የማይናገርበትን ጊዜ ማሽኑ በምን ይወቅ? ማውስ ሲለቁት ዝም ይላል። ካሜራ ግን ማየቱን አያቆምም። ጸጉሩን ያስተካከለ ወይም ለባልደረባው አንድ ነገር የጠቆመ ሠራተኛ ሳያስበው ሰነዱን ሊዘጋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪው ሪቻርድ ቦልት በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያሳየው ሥራ ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ያኔ ካሜራ አልተጠቀሙም፤ የተጠቃሚውን እጅ አቅጣጫ የሚያውቀው መግነጢሳዊ መሣሪያ ነበር። ሆኖም ትእዛዙ የተሟላ የሚሆነው ሰውዬው እየጠቆመ «ያንን እዚያ አድርግ» ሲል ነው። ድምፅ ያልታከለበት ጣት ጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ድካምም አለ። ክንድን አየር ላይ ዘርግቶ መሥራት ለተመልካች ያምራል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው ግን ቅጣት ነው። ተመራማሪው ፒየር ዌልነር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ካሜራና ፕሮጀክተር ከጠረጴዛ በላይ ሰቀለ፤ ወረቀት ላይ የታተመን ቁጥር በጣት ሲያመለክቱት ቁጥሩ በብርሃን ወደተሣለው የሒሳብ ማሽን ይገባ ነበር። እጅም ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። እኔ ብጠየቅ ምስል የሚያሳዩትንና የእጅ ምልክት የሚያነቡትን የዘመኑን የኮምፒውተር መነጽሮች ሁሉ ትቼ ከዚህ ጠረጴዛ እጀምራለሁ።

በአየር ላይ የሚደረግ ምልክት ያለ ክርክር ተገቢ የሚሆነው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ጓንቱ ከጀርም የጸዳ ሐኪም ኪቦርድ ሊነካ አይችልም፤ የታካሚውን ምስል ግን ማገላበጥ አለበት። እዚያም ቢሆን ሐኪሙ ለረዳቶቹ በእጁ ስለሚናገር የመጀመሪያው ችግር ተከትሎት ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ሥራችሁን ስታሳዩን ከእኔ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ምልክት ይለያል የሚል አይሆንም። አንድ ሰው ከካሜራው ፊት ተቀምጦ በስልክ እያወራ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ፣ ማሽኑ ስንት ያልታዘዘ ነገር ይሠራል? ይህን ቁጥር ለክታችሁ ጠብቁኝ።

አመሰግናለሁ።