ዮናስ የተቆጣበት ምሕረት

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ማለዳ። ነጠላ የለበሱ ምእመናን ወደ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ።]

ተራኪ፦ ጾመ ነነዌ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚጾም የሦስት ቀን ጾም ነው። መግቢያው እንደ ዓመቱ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት) ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በእነዚህ ቀናት የዮናስ ታሪክ ይነገራል፤ ሕፃናት ዓሣ አንበሪውን ይወዱታል። እኔን የሚይዘኝ ግን ምዕራፍ 4 ነው። የነነዌ ከተማ በሙሉ ንስሐ ገብታ ከጥፋት ስትተርፍ ነቢዩ ተቆጥቶ ሞቱን ይለምናል።

[ምስል፦ ካርታ። ኢዮጴ፣ ተርሴስ፣ ነነዌ።]

ዮናስ ጨካኝ ነበር ለማለት አልቸኩልም። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ በኢራቅ፣ በሞሱል ይገኛል። የአሦር ነገሥታት ምርኮኞች በሹል እንጨት ሲሰቀሉ የሚያሳይ ምስል በቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ ያስቀርጹ ነበር። በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሰማርያን የጣለው መንግሥትም ይኸው ነው።

እግዚአብሔር ወደ ነነዌ ሲልከው ዮናስ ከኢዮጴ በመርከብ ወደ ተርሴስ የሸሸው ከተማዪቱን ፈርቶ ይመስለናል። እርሱ ግን ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፦ አንተ መሐሪና ታጋሽ እንደ ሆንህ ስለማውቅ ነው የኮበለልሁት። የፈራው እግዚአብሔር ይቅር እንዳይል ነበር።

አሁን ብዙዎቻችን የማናነበውን ቦታ እንክፈት፤ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 14። ዳግማዊ ኢዮርብዓም የእስራኤል ንጉሥ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ክፉ አደረገ ይላል። ሆኖም የእስራኤልን ድንበር መለሰ። ይህን የምሥራች አስቀድሞ የተናገረው ነቢይ ማን ነበር? አማቴ የተባለው ሰው ልጅ፣ ይኸው ዮናስ! ለክፉ ንጉሥ፣ ለማይገባው ሕዝብ የተሰጠ ምሕረት በእርሱ አፍ አልፏል። ያን ጊዜ ወደ መርከብ ሲሮጥ አናየውም። ወገኑ ነበሩና።

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ የመኖሪያ ሰፈር፤ የተዘጋ የግቢ በር።]

እኛም ዘንድ ይህ አለ። አንድ አጎት በሐሰት ምስክር የወንድሙን ልጆች ቤት ወሰደ እንበል። ከዓመታት በኋላ ንስሐ ገባ፤ ነጭ ለብሶ ሲቆርብ ልጆቹ በሩቅ ያዩታል። ሆዳቸው ቢቃጠል ማን ይፈርድባቸዋል? የነነዌ ንጉሥ አዋጅ ለእነርሱም ይቆማል፤ ማቅ ልበሱ ብቻ አላለም፣ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ብሏል። ስለዚህ አጎትየው ቤቱን ይመልስ። ልጆቹ በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት ቢጠይቁትም ምሕረትን መቃወም አይሆንባቸውም።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤቱ ተመልሶም እግዚአብሔር ያን ሰው እንዲወድደው የማንፈልግበት ቀን አለ።

ጾሙ በነቢዩ ስም አለመጠራቱን ልብ በሉ። ሐዋሳ ላይ በእነዚህ ሦስት ቀናት «እግዚኦ» ስንል የምንቆመው በዮናስ ቦታ አይደለም፤ እርሱ በጠላቸው ሰዎች ቦታ ነው፤ የምንማጸነውም እርሱን ያስቆጣውን ያንኑ ምሕረት ነው።

ይቅር ማለት ያቃታችሁ ሆይ፣ እስኪቀልላችሁ ከጸሎት አትቅሩ። ዮናስ ተቆጥቶ ጸለየ፤ ቁጣውንም አልሸሸገም። እግዚአብሔርም «በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?» ብሎ ጠየቀው እንጂ ከፊቱ አልጣለውም። እናንተም የዚያን ሰው ስም ጠርታችሁ እንዲህ በሉ፦ ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው እንድትምረው ገና አልፈልግም።