የ35 ዶላሯ ጉዳይ

ወገኖቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከቃሊቲም፣ ከገላንም፣ ከአቃቂም ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ዲሜሬጅም፣ ማለትም ኮንቴይነር ሲዘገይ ስለሚጨመረው ክፍያ፣ ስለ መጋዘንም ተናገር ብላችሁኛል፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣ።

አምና ከጓንዡ የስፌት ማሽን መለዋወጫ አዘዝኩ። ሦስት ካርቶን ነው፣ ኮንቴይነር አይሞላም። ስለዚህ ከአራት ነጋዴዎች ጋር ተጋርተን ጫንን። ሂሳቡ ሲመጣ ከማጓጓዣው ሥር አንዲት መስመር አየሁ፦ «የጉምሩክ ደህንነት መረጃ ማስገቢያ፣ 35 ዶላር»። የመንግሥት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ለአራቱም ስደውል ለካ እያንዳንዳቸው 35 ከፍለዋል! አንድ ኮንቴይነር፣ አንድ መርከብ፣ 175 ዶላር። ዕቃ አስተላላፊዎቹን ለምን ስል፣ የሚቆጠረው በቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ማለትም በጭነት ሰነድ፣ ነው አሉኝ። ባለ 40 ጫማውን ኮንቴይነር ሞልቶ በአንድ ቢል የሚያስመጣው ሰውዬም 35፣ እኔም በሦስት ካርቶኔ 35። በዚህ አላበቃም። ቲን ቁጥሬን ሲጽፉ አንድ አሃዝ ሳቱ። እኔ የላክሁት ኢሜይል ላይ ትክክል ነው፣ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «ማስተካከያ» ብለው ሌላ 40 ዶላር ጨመሩብኝ። እነሱ ተሳስተው እኔ ከፈልኩ!

መረጃው ይቅር እያልኩ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ መርከብ ላይ ምን እንደተጫነ አስቀድሞ ማወቅ የግድ ሆነ። አሜሪካ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ መርከብ ላይ ከመውጣቱ 24 ሰዓት በፊት አስመጪው ዝርዝሩን እንዲያስገባ ታስገድዳለች፣ ያላስገባ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ቻይናም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከወደቧ የሚወጣውን ጭነት ማኒፌስት፣ ማለትም ዝርዝሩን፣ ቀድማ ትቀበላለች። ግን ይህን ልብ በሉልኝ፦ የአሜሪካ ጉምሩክ ያንን መረጃ ለመቀበል ሳንቲም አይጠይቅም። የሚያስከፍለው መሃል ያለው አስተላላፊ ነው።

ለሠራበት ይከፈለው፣ አልከፋም። እያንዳንዱ ቢል ለየብቻ ይገባል ይላሉ፣ እሺ። የላኪውን ስም፣ የተቀባዩን፣ የዕቃውን ዓይነት አዘጋጅተን የምንልከው ግን እኛው ነን። ደግሞስ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ «ጉምሩክ» ብሎ የሚጽፈው ለምንድነው? ጉምሩክ የሚል ቃል ሲያይ ነጋዴው እንደማይከራከር ስለሚያውቅ ነው! የራስህ ክፍያ ከሆነ በራስህ ስም ጻፈው! ዕቃው ከመጫኑ በፊትም ንገረን፣ ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ አይደለም!

ዲሜሬጁን በአጭሩ፦ ክፍያው የማይታሰብባቸውን ነፃ ቀናችሁን ቁጠሩ፣ የዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ ዕቃ የምታሳውቁበትን፣ ሰነዳችሁንም ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ ጨርሱ። የመጋዘኑን ከሻይ በኋላ እናወራለን።

በሩ ጋ ሁለት ልጆች ደብተር ይዘው ቆመዋል። የሁለት ዓመት ኢንቮይስ ያላችሁ ኮፒውን ስጧቸው፣ ያቺን መስመር በእስክሪብቶ አክብቡባት። ሰኞ ጠዋት ይዘናቸው አስተላላፊዎቹ ቢሮ እንገባለን። የእኔ ከላይ ነው፣ 35ቷም 40ዋም ተከብበዋል።