ተቀባዩ የታወቀ ግጥም

ክቡራትና ክቡራን፣ የግጥም ወዳጆች፤

በህንድና በፓኪስታን የሚነገረው የኡርዱ ቋንቋ ግጥም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ጋዛል የሚባለውን የግጥም ዓይነት ነው፤ ፍቅሩን፣ ናፍቆቱን። በዚያው ቋንቋ በግጥም የተጻፉት ደብዳቤዎች ግን እምብዛም አይነሱም። ይህ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ1850 በህንድ የሙጋል ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር የዘር ሐረጉን ታሪክ እንዲጽፍለት ለገጣሚው ለሚርዛ ጋሊብ በወር 50 ሩፒ ቆረጠለት። ገንዘቡ የሚሰጠው ግን በየስድስት ወሩ ነበር። ገጣሚው እስከዚያ የሚኖረው በብድር ነው። ስለዚህ ለንጉሡ በግጥም አቤት አለ። ክረምት ገብቷል፣ የምለብሰው የለኝም፤ ሰው እስከ መቼ እሳት ሲሞቅ ይኖራል? ከደመወዜ ሲሶውን አራጣ አበዳሪ ይካፈለኛል ይላል። ቀጥሎ የመጣው ነው ሁሌም የሚያስደንቀኝ፦ የሞተ ሰው መንፈቁ የሚወጣለት አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን በቁሜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣልኛል! ይህ በስድ ንባብ ቢጻፍ ተራ የደመወዝ ጥያቄ ነበር። በግጥም ሲሆን ለማኙም አልተዋረደ፣ ንጉሡም አልተወቀሰ።

ሌላው ገጣሚ አክባር አላሃባዲ ደግሞ ዳኛ ነበር፤ ለወዳጁ የጻፈው ስለ ማንጎ ነው። እያንዳንዱ ቤት «ይላኩልኝ» እያለ ይዘጋል። ደብዳቤም መልእክትም ይቅርብኝ፣ ዘንድሮ ማንጎ ብቻ ይላኩልኝ፤ አስቀምጬ እንድበላ 20 የበሰለ ከሆነ 10 ጥሬ ይጨመርበት፤ አድራሻዬን ያውቁታል፣ በቀጥታ ወደ አላሃባድ በስሜ። ብቻ «እሺ፣ መጀመሪያ ግን ሂሳቡን ይላኩ» የሚል መልስ እንዳይመጣብኝ! ቁጥሩ፣ አድራሻው፣ ሂሳቡ ሁሉ ከቤት መምቻው ሳይወጣ ገብቷል። ይህን ያህል ሙያ ለማንጎ!

ገጣሚው ኢቅባልም አለ። ለንደን ሳለ የትንሹ ልጁ የጃቪድ የመጀመሪያ ደብዳቤ ደረሰው። ልጁ የጠየቀው ግራሞፎን ነበር፤ አባት የመለሰለት በግጥም ነው፦ በፍቅር አገር የራስህን ስፍራ አብጅ፣ አዲስ ዘመን፣ አዲስ ንጋትና ምሽት ፍጠር። ጃቪድ አድጎ የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፤ የአባቱንም የሕይወት ታሪክ ጻፈ።

እዚህ ለተሰበሰባችሁ ተርጓሚዎች አንድ ልመና አለኝ። የኡርዱን ግጥም ወደ አማርኛ ስታመጡ ደብዳቤዎቹን አትዝለሏቸው። ከጋሊብ አቤቱታ ጀምሩ።

አመሰግናለሁ።