ኦሜፕራዞል ለምን ከምግብ በፊት?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ኦሜፕራዞል ነው፤ ጨጓራውን የሚያመው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ካፕሱል። «ዋጥኩት፣ ግን አላሻለኝም» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው ባይ ነኝ።

ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ሴሎች አሉ። ሂስታሚን የተባለው የሰውነት መልእክተኛ ንጥረ ነገር ኤች ቱ በተባለው ተቀባያቸው ላይ አርፎ «አመንጩ» ይላቸዋል። ሲሜቲዲን የተባለው ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ይህንን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፣ ግን አይጣበቅም፤ ደም ውስጥ ሲያንስ ለቆ ይወጣል። ጋስትሪንና አሴቲልኮሊን የተባሉ ሌሎች መልእክተኞችም በየራሳቸው ተቀባይ በኩል ስለሚቀሰቅሱ አሲዱ ጨርሶ አይቆምም።

ኦሜፕራዞል ተቀባዮቹን አይነካም። ዒላማው አሲዱን የሚገፋው ፓምፕ ራሱ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ሲዋጥ ገና ሥራ የማይችል መሆኑ ነው። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሴሉ ይደርሳል፤ ፓምፑ አሲድ በሚያፈስበት ጠባብ ቦይ ውስጥ ግን አሲዱ ራሱ ቅርጹን ይለውጠዋል። ያኔ ፓምፑ ላይ ካለ ሲስቴይን ከተባለ የፕሮቲን ክፍል ጋር ላይፈታ ይታሰራል። ደም ውስጥ ያለው በ1 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ የታሰረው ፓምፕ ግን ብዙውን ጊዜ በአዲስ እስኪተካ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ለብዙ ሰው በቀን አንድ 20 ሚሊግራም የሚበቃው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፓምፖቹን በብዛት የሚቀሰቅሳቸው ምግብ ነው። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ቢወስደው መድኃኒቱ ፓምፖቹ ሳይነቁ ከደሙ ያልቃል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይዋጠው። በረመዳንም ከሱሁር ግማሽ ሰዓት በፊት መውሰድ ይቻላል።

ካፕሱሉ ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች አታኝኩ፣ አትፍጩ። ሽፋናቸው ከተሰበረ መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ጨጓራ ውስጥ ይበላሻል።

በመጀመሪያው ቀን የሚታሰሩት በዚያ ሰዓት የነቁት ፓምፖች ብቻ ናቸው፤ ሙሉ ውጤቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው ያሳዝነኛል። ለወራት ወስዶ በድንገት ማቆምም ሌላ ጣጣ አለው፦ አሲዱ ሲቀንስ ጋስትሪን ከፍ ብሎ ስለቆየ ቃሩ ለጥቂት ሳምንታት ብሶ ሊመለስ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ በሽታው አገረሸ ማለት አይደለም፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይረዳል። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ ግን ቀን ሳይቆጠር ሐኪም ቤት መሄድ ነው።