ካልሲ ላጠልቅ ግድግዳ የያዝኩበት ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የማወራውም ከአንድ ካልሲ ስለጀመረ ጉዳይ ነው። አንድ ጠዋት ስለቸኮልኩ እንደ ወትሮው አልጋው ጫፍ ላይ ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ ካልሲ ላጠልቅ ግራ እግሬን ባነሳ፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተንቀጠቀጠና ወደ ጎን ተንገዳግጄ ግድግዳውን ያዝኩ። ለዓመታት በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ የምሄድ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ የማያጥረኝ፣ በዚህም በልቤ የምኮራ ሰው በመሆኔ ነገሩ አስደነገጠኝ።

የእግር ጉዞን ላጣጥል አይደለም። ጄረሚ ሞሪስ የተባለው የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፣ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት በቁጥር አነስ ብለው እንደሆነ አሳይቷል። ልብ ራሱ ጡንቻ ነው። ፈጠን ባለ እርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በብስክሌት ወይም በዋና ስናሠራው በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚጨምር፣ ዕረፍት ላይ ስንሆን ቀስ እያለ መምታት ይበቃዋል፤ ከፍ ያለ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል።

ነገር ግን ሰውነት ያልተጠየቀውን አይሰጥም። የጡንቻ መጠን ከ30 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ ከ60 በኋላ ደግሞ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ መራመድም ይህን ለመግታት የሚበቃ ጫና በጡንቻ ላይ አያሳርፍም። እኔም ይህን የተረዳሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ለመነሳት በሞከርኩ ጊዜ ነው፤ አምስተኛው ላይ ጭኖቼ ነደዱ፣ ስምንተኛውን ሳልጨርስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትን፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ መሥራትንና ቀለል ያለ ክብደት ማንሳትን ጀመርኩ። ትርፉም ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባው ሆርሞን ኢንሱሊን ባይኖርም እንኳ ከደም ውስጥ ስኳር መሳብ ይችላል፤ ለስኳር ሕሙማን እንቅስቃሴ ከሚመከርባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

የአጥንት ነገር ደግሞ ይበልጥ አስገርሞኛል። ዋና ለልብና ለሳንባ እጅግ ጥሩ ሲሆን፣ ክብደታችንን ውኃው ስለሚሸከምልን ግን አጥንትን ለማጠንከር ያን ያህል አይረዳም። አጥንት የሚጠነክረው ሲጫኑትና ሲያንገጫግጩት ነው፤ ለዓመታት ቴኒስ የተጫወተ ሰው ራኬት የሚይዝበት ክንዱ አጥንት ከሌላኛው የሚወፍረውም ለዚህ ነው። ሰውነትን ስለ ማሳሳብ (ስትሬቺንግ) ብዙ የምለው የለኝም፤ መገጣጠሚያን ያላላል፣ ደስም ይላል፣ የሌሎቹን ቦታ ግን አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ይህችን አንብቤ፣ ደቂቃዬን ደምሬ፣ ረክቼ ገጹን ዘግቼው ነበር። ወረድ ብዬ ባነብ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከር፣ 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን መጠበቅን የሚያካትት ልምምድ እንደሚል አገኝ ነበር።

ሚዛን የዓይን፣ የውስጠኛው ጆሮና ከእግር የሚነሱ ነርቮች የጋራ ሥራ በመሆኑ እንደ ማንኛውም ሥራ በልምምድ ይሻሻላል። አሁን ጥርሴን ስቦርሽ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ መጀመሪያ ላይ እስከ አሥር መቁጠር እንኳ አቅቶኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ላይኛውን ረድፍ በቀኝ፣ ታችኛውን በግራ እግሬ ቆሜ እጨርሳለሁ። ካልሲዬንም ቆሜ አጠልቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሞክረው ግን ያው መንገዳገዴ ስለማይቀር፣ ከግድግዳው ብዙም አልርቅም።